የአስር አለቃ ጀማል ግለ ሂስ

ባለፈው ጥቅምት ከገበያ ድንች ሸምቼ በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ሁለት ወጣት ፖሊሶች መንገድ ላይ ተሳፍረው አጠገቤ ተጨናነቁ። ጭሮ ውስጥ ባጃጅ ላይ የተቀመጠ ሰው ምስጢር የለውም፤ ጉልበት ከጉልበት እየተነካካ የሰው ወሬ አለመስማት አይቻልም። አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ አንድ ባልደረባቸው ያወራ ነበር። ልጁ ኪኒን ለምዶበታል። አለቆቻቸው ደግሞ ሰሞኑን ሰብስበው «በራሱ ፈቃድ ችግሩን የተናገረ አባል ይታከማል እንጂ አይቀጣም» ብለዋቸዋል። «እኔ ይናገር እላለሁ» አለ። ሁለተኛው፣ ቀጠን ያለው፣ «ይናገር ትላለህ! የት ተጽፎ አየኸው?» ብሎ መለሰለት።

በማያገባኝ መግባት በዚህ ዕድሜዬ ብርቅ አይደለም፤ የዚያን ቀን ግን የገባሁት ሳላስበው ነው። «ልጆቼ፣ ከመናገሩ በፊት ያስጽፈው። አለቃው ያለውን አስጽፎ፣ አስፈርሞ፣ ከዚያ ይናገር» አልኳቸው። ዞር ብለው አዩኝ። ቀጠን ያለው ፈገግ አለና «እማማ፣ ጠበቃ ነዎት እንዴ?» አለኝ። «አይ፣ ታይፒስት ነበርኩ» ስለው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ቤቴ ሳልደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩና ድንቹን ተሸክሜ የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ።  

ከተማው ያኔ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች አሰበ ተፈሪ ነበር። ጭሮ የሚሉት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ በኋላ ስሙ የጸናላቸውም እነሱ ሆኑ። ከሸዋ ተመድቤ ስመጣ የያዝኩት አንድ ቡናማ ሻንጣ፣ ሁለት ጉርድ ቀሚስና እናቴ «ሐረርጌ ሙቀት ነው» ብላ የገዛችልኝ ስስ ነጠላ ጫማ ነበር። እናቴ ሐረርጌ ሁሉ ድሬዳዋ መስሏት ነው። የአሰበ ተፈሪ ጠዋት የተራራ ጠዋት ነው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ጣቶቼ ታይፕ መምታት እስኪያቅታቸው ደነዘዙ። አንዲት ጎረቤቴ አዘነችልኝና ከቆላ በግመል የገባ የኮንትሮባንድ ሹራብ አስገዛችኝ፤ አረንጓዴ፣ አንገቱ ረዥም፣ በአሥራ ስምንት ብር። በእሱ ስድስት ክረምት ወጣሁበት። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር። ትኩስ ዳቦ ከሻይ ጋር በልቶ፣ ከመናኸሪያው ጥግ ያለው የካሴት ሱቅ ሲከፈት እየሰሙ ሥራ መግባት የዕለት ደስታዬ ነበር። የሱቁ ባለቤት አንድ የአማርኛ፣ አንድ የኦሮምኛ፣ አንድ የሶማሊኛ ዘፈን በተራ ይለቅ ነበር፤ ማንም ደንበኛ እንዳይከፋበት። ቀትር ላይ የጫት መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሲከንፉ ዶሮ ሳይቀር መንገድ ይለቅላቸዋል። ዛሬ ያ የካሴት ሱቅ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል፤ መኪኖቹ ግን እንደዚያው ናቸው፣ እንዲያውም ብሶባቸዋል።

የምሠራው በፖሊስ ጣቢያው ጽሕፈት ቤት ነው። ማዕረግ የለኝም፤ ሲቪል ታይፒስት ነኝ፤ ክስ እመታለሁ፣ ደብዳቤ እመታለሁ፣ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወር የቀረው አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ ነበር፤ ቢሮ አጥንቱ ድረስ የዘለቀው ሰው። ካስተማረኝ ሁሉ የማልረሳው አንድ ነገር አለ። «የአለቃ ንግግር አይጻፍም። ‹ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ› ተብሎ ይታለፋል። አለቃ ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ወረቀት አያሳጣው። የበታች የተናገረው ግን ስሙ እየተጠራ ይጻፋል» አለኝ። ይህን እንደ ትልቅ የሙያ ምስጢር ተቀበልኩት። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጽፈው፤ ዛሬም ብዙ ቦታ እንደዚያ ይጻፋል። ቃለ ጉባኤዬ አጭር፣ ንጹሕ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ነው እየተባልኩ ስመሰገን ደስ ይለኝ ነበር።

አስር አለቃ ጀማል የመቻራ ልጅ ነው፤ የቡና ገበሬ ልጅ። የትራፊክ ፖሊስ ነበር። ካኪው በከሰል ካውያ ተተኩሶ ጠርዙ ያቆስላል እያልን እንቀልድበት ነበር፤ ጫማው ላይ ፊትህን ታያለህ። ነዳጅ ማደያው ጋ ካለው ማዕዘን ላይ ሲቆም አህያ እንኳን ተራውን ይጠብቃል ይሉ ነበር። የአደጋ ሪፖርቱን በገዛ እጁ ጽፎ ያመጣልኝና «ጥሩዬ፣ ፊደሌን እያየሽ አትሳቂ» ይለኛል። ስሜ ጥሩወርቅ ነው፤ በጣቢያው ሁሉም ጥሩዬ ነበር የሚሉኝ። ሚስቱ ፋጡማ አንዳንዴ ምሳ ይዛለት ትመጣለች፤ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ የምትሸፍን፣ ባሏን በዓይኗ የምትከተል ቀይ ወጣት ነበረች። በጣቢያው ግቢ በጀማል የማይኮራ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቁልቁለት ላይ አንድ አውቶቡስ ተገለበጠ። ቀድሞ የደረሰው ጀማል ነው። ገደል ወርዶ ሰው ሲያወጣ ዋለ፤ የሞተውንም ያልሞተውንም። ስንት ሰው እንዳወጣ ሲጠይቁት አይናገርም ነበር። ሪፖርቱን አምጥቶ ሲሰጠኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደሉ ተንጋዶ አየሁት፤ ግን ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩ። ሰው ደክሞት ነው ብለን ስንቱን አልፈናል!

እንቅልፍ አጣ። ሲተኛ ገደሉን ያያል። ስለዚህ ላለመተኛት ጫት አበዛ። ጫት በእኛ አገር ነውር አይደለም፤ ባለሥልጣኑም፣ ነጋዴውም፣ ዘበኛውም ይቅማል፤ በኋላ የፈረዱበት ሰዎች ራሳቸው ጉንጫቸው አብጦ ነው የፈረዱበት። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ደግሞ መተኛት አለበት፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ከምላጭና ከከረሜላ ጋር ኪኒን የሚሸጥ ኪዮስክ ነበር፤ ቢጫ የእንቅልፍ ኪኒን ያለ ሐኪም ወረቀት ይሰጣል። መጀመሪያ አንዲት ነበረች። ቆይቶ በመዳፉ ሆነ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገና ወንበር ሳይስብ ቆመ። «ጥሩዬ፣ እጄን እዪው» አለኝ። ሁለቱንም ዘረጋቸው። እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣሉ። «በዚህ እጅ ጠመንጃ ይዤ ነው የምውለው። ወላሂ፣ አንድ ቀን ሰው እገድላለሁ። ወይ ራሴን። ጠመንጃውን ይቀበሉኝ፣ ጥቂት ወር ቢሮ ያስቀምጡኝ፣ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ይላኩኝ፣ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። ብናገር ምን ይሉኛል?»

የሚቀጥለው ሳምንት ግምገማ ነበር። እኔም ሳላመነታ «ተናገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አልኩት። ተረት በአፌ ሞልቶ ነበር፤ ምክር የሚሰጥ ሰው ደግሞ የሚከስረው ነገር የለም። ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ካልሽ» ብሎ ወጣ። ‹ካልሽ› ያላት ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ግምገማን ላላየ ሰው እንዲህ ነው። አባላቱ በሙሉ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ ይነሳና ራሱን ይተቻል፤ ይህ ግለ ሂስ ይባላል። ከዚያ ሌሎቹ ይጨምሩለታል። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ይፈጃል። ሰዉ ሁሉ ዘዴውን ተክኖታል፤ ልብሱ ላይ ያለ አቧራ እንደሚያራግፍ ትንሽ ጥፋት ከላዩ አራግፎ ይቀመጣል። «ስሜታዊ ነኝ።» «ሰዓት ላይ ድክመት አለብኝ።» «ለንባብ ተነሳሽነት ይጎድለኛል።» አንዱማ «ሥራ አበዛለሁ፤ ለራሴ ጊዜ አልሰጥም» ብሎ ራሱን ክፉኛ ሲተች ትዝ ይለኛል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ በእርሳስ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አዛዣችን፣ ሻምበሉ፣ ንግግር አደረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከሰው ሰርግ የማይቀሩ፣ ለቅሶ ላይ ከልባቸው የሚያለቅሱ ሰው ነበሩ፤ ፈሪ ደግ ሰው ነበሩ ብል ይሻላል። እንዲህ አሉ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «በመጠጥም በኪኒንም የተያዘ አባል ካለ ዛሬ እዚሁ በመካከላችን ይናገር። በራሱ አንደበት የተናገረ ወንድማችን ነው። እናሳክመዋለን። እንጀራውን አያጣም። ይህን ቃል የምገባላችሁ እኔ ነኝ።» ሠላሳ አንድ ሰው ሰማ። እኔም ሰማሁ፤ በሰማሁም ጊዜ ለጀማል ደስ ብሎኝ ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱም አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ «ሰብሳቢው ስለ ግምገማው ዓላማ ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ» ብዬ ጻፍኩ። ልማድ ነው። ክፋት አላሰብኩም፤ ምንም አላሰብኩም።

ተራው ሲደርስ ጀማል ተነሳ። ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ነገሩን ሁሉ ተናገረ፤ አውቶቡሱን፣ እንቅልፉን፣ ቢጫውን ኪኒን። «ጠመንጃዬን ተረከቡኝ፤ ታክሜ ስድን ትመልሱልኛላችሁ» አለ።  ሌላ ጊዜ ለመተቸት የሚሽቀዳደሙት ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ሻምበሉ ተነሥተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፣ «ይህ ነው ጀግንነት» አሉ፣ ጭብጨባ ሆነ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ የተናገረውን አንድም ሳላጎድል ስሙንና ማዕረጉን ጠቅሼ ጻፍኩት። በአምስተኛው ቀን ታይፕ ተመትቶ ሁሉም ፈረሙበት። ጀማልም ፈረመ፤ ሳያነብ ነው የፈረመው። ለምን ያነባል? የጻፍኩት እኔ ነኛ!

ሁለት ሳምንት ያህል ሁሉ ነገር ደህና መስሎ ነበር። ጠመንጃውን ተቀበሉት፤ መዝገብ ቤት አስቀመጡት፤ ወረቀት እየለየ ሲያግዘኝ እጁ ትንሽ ሻል እያለው እንደሆነ ይነግረኝ ነበር። ለሐኪም ቤቱ የሚጻፈውን ደብዳቤ ራሴ መትቼ ለፊርማ ሻምበሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ከዚያ ከበላይ የግምገማ ቃለ ጉባኤዎች በሙሉ ይላኩ የሚል ትእዛዝ መጣ። ላክን። የመጣው መልስ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ። ጉዳዩ አደንዛዥ ኪኒን የሚወስድ የታጠቀ አባል ነው።

ጀማል አልካደም። «አዎ፣ ተናግሬያለሁ፤ የተናገርኩት ግን ቃል ስለተገባልኝ ነው» አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቃለ ጉባኤውን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉ። «የት ላይ?» አሉ። ጀማል ወደ ሻምበሉ ዞረ። ሻምበሉ ጠረጴዛውን እያዩ «ስለ ግምገማው ዓላማ ማብራሪያ ሰጥቻለሁ፤ በቃለ ጉባኤው እንደሰፈረው ነው» አሉ። ላባቸው በአንገታቸው ሲወርድ አይቻለሁ። ሰብሳቢው የጣቢያውን አባላት ጠየቁ። «ቃለ ጉባኤው ይናገር» አለ አንዱ። ሌላውም እንደዚያው። በመጨረሻ «ጸሐፊዋስ? ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ቃል ተገብቷል ወይስ አልተገባም?» ተባልኩ።

የአራት ዓመት ልጅ ነበረችኝ፤ አባቷ የለም። የምንኖረው በጣቢያው ግቢ በሻምበሉ ፈቃድ በተሰጠችኝ አንዲት ክፍል ነው። ይህን የምናገረው ምክንያቴን ለማሳወቅ እንጂ ይቅር እንድባልበት አይደለም። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። «የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤው ላይ አለ» አልኩ። ጀማል አየኝ። አልተቆጣም፣ አልተገረመም፤ የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ ነው ያየኝ።

ከሥራ ተሰናበተ። ደብዳቤው ሁለት ምክንያት ነበረው፦ ኪኒኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ «ጥፋቱን ለመሸፈን የበላይ አለቃውን ስም በሐሰት በማንሳቱ»። የመታሁት እኔ ነኝ። ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ከተማው አነበበው። ኮፍያውን፣ ቀበቶውን፣ ያንን ፊት የሚያሳይ ጫማ ለንብረት ክፍል አስረክቦ በሸሚዝና በላስቲክ ጫማ ከግቢው ሲወጣ በመስኮት አየሁት። ልወጣና ሰላም ልለው ፈለግሁ። አልወጣሁም።

በማግስቱ ፋጡማ መጣች። ምሳ አልያዘችም። ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ እጇን አሳርፋ፣ «ጥሩዬ፣ አንቺ አትዋሺኝም። ‹ቃል ገብተውልኝ ነው የተናገርኩት› ይላል። ወንድሞቼ ‹ሱሰኛ ነው፣ ሱሰኛ ደግሞ ይዋሻል› ይሉኛል። እውነት ነው? ቃል ገብተውለት ነበር?» አለችኝ። የሻምበሉ ቢሮ ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ ወንበራቸው ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ዓይኗን እያየሁ «እኔ የሰማሁት ነገር የለም» አልኳት። ለኮሚቴው ያልኩት ማምለጫ ነበር። ይህ ግን ውሸት ነው፤ ሙሉ፣ ጥርት ያለ ውሸት። እጇን ከጠረጴዛው አነሳችና ሄደች።

ሻምበሉ በዓመቱ ተዛወሩ። ሽኝታቸው ላይ ለስላሳ ተጠጣ፣ ፎቶ ተነሣን። ሊወጡ ሲሉ እጄን ጨብጠው ቀስ ብለው «ጥሩወርቅ፣ ያ ቃለ ጉባኤሽ አወጣኝ» አሉኝ። ምስጋና ነበር። ቤቴ ገብቼ የሠራሁትን እራት መብላት አቃተኝ። በዚያ ጣቢያ ከጀማል በኋላ ለአሥራ ምናምን ዓመት ቃለ ጉባኤ ያዝኩ፤ ስለ ኪኒን የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ኪዮስክ ግን አልተዘጋም፤ ካኪ የለበሱ ደንበኞችም አላጣም። ስሜታዊ ነኝ፣ ሰዓት አላከብርም፣ እያልን ኖርን።

ስለ ጀማል በየጊዜው ወሬ ይደርሰኝ ነበር። መቻራ አባቱ መሬት ላይ ገባ አሉ። አባቱ ዶማ ሰጥተውት «እስክትደክም ቆፍር» ብለውት ቡና መሐል ሲቆፍር ከረመ፤ ያለ ሐኪም፣ ያለ ደብዳቤ፣ እየተንቀጠቀጠና እያለበው ኪኒኑን ጣለው። በኋላ በደሳ ወርዶ የማረሻና የዶማ ሱቅ ከፈተ። ፋጡማ አልፈታችውም፤ ልጆች ወለዱ። በደሳ ከጭሮ የትም አይደለም፤ በመኪና ጠዋት ሄደው ለምሳ የሚመለሱበት ቦታ ነው። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ገደማ አልሄድኩም። ለቅሶ ሲኖር እንኳን ሌላ ሰው እልክ ነበር።

ከባጃጁ ወርጄ ድንቹን ተሸክሜ በሄድኩበት ሳምንት እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን ሳልለውጥ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኩኒ የምትባለውን ከተማ አልፎ መንገዱ ሲጠማዘዝ ምን እንደምል በልቤ አዘጋጅ ነበር። ዕድሜ ልኬን የሌላ ሰው ንግግር ሳሳጥር ኖሬ የራሴን አንድ ዓረፍተ ነገር ማሰናዳት አቃተኝ።

ቤታቸውን ሰው አሳየኝ። በረንዳ ላይ ነበሩ ሁለቱም። ጀማል ሸብቷል፤ ሽርጥ አሸርጦ የዶማ እጀታ ይፍቃል፤ እጁ እንደ ድንጋይ የጸና ነው። አወቀኝ። ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ። ፋጡማም አወቀችኝ፤ ገብታ ሆጃ አመጣች፤ የቡና ቅጠል በወተት የተፈላ። የቤት እንግዳ ነኝና እንደ እንግዳ አስተናገዱኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ተጠያየቅን። አንደኛዋ ልጃቸው አስተማሪ ሆና ገለምሶ ናት።

ከዚያ ኩባያውን መሬት አስቀመጥኩና «ፋጡማ፣ እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አልኩ። ወደ ጀማል አላየሁም። «ሻምበሉ ቃል ገብተው ነበር። ‹በራሱ የተናገረ እንጀራውን አያጣም› ብለው በሰው ፊት ተናግረዋል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። ስትጠይቂኝ ደግሞ ዋሸሁሽ። ጀማል አልዋሸም።»

 አንዲት ዶሮ በረንዳው ላይ ወጥታ ወረደች። «ያኔ መጥቼ ጠየቅሁሽ» አለች ፋጡማ። «በዓይኔ እያየሽኝ የለም አልሽኝ።»

«አዎ።»

«እኔ አመንኩሽ። እሱን ተውኩና አንቺን አመንኩሽ። እየማለልኝ አላመንኩትም እኮ፣ አቦ! ሲቆጣኝ ‹ውሸታም› እለዋለሁ። በልጆቼ ፊት። የቱንም ሲነግረኝ ‹እንደ ሻምበልህ ቃል ነው?› እለዋለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት!»  ፊቷን ከእኔ መለሰች፤ ወደ ባሏ ዞረችና በኦሮምኛ ተናገረችው፤ ይቅር በለኝ ነው ያለችው፤ ሁለት ጊዜ። ጀማል የሚፍቀውን እጀታ አስቀመጠና እጁን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈ። ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁ። ገደል ወርዶ ሬሳ ሲያወጣ ያላለቀሰ፣ ከሥራ ሲባረር ያላለቀሰ ሰው በረንዳው ላይ አለቀሰ። እኔ መኖሬን ሁለቱም ረሱ። መረሳት ይገባኛልና ኩባያዬን አንስቼ የቀረኝን ሆጃ ጠጣሁ።

ስነሣ ጀማል ሊሸኘኝ አብሮኝ ወጣ። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ «ይቅር በለኝ አልልህም፤ ያን ለማለት የሚበቃ አፍ የለኝም» አልኩት።  ባጃጅ በእጁ አስቆመልኝ፤ አሁንም እጁን ሲዘረጋ መኪና ይቆማል። ለሹፌሩ መናኸሪያ እንዲያደርሰኝ ነገረው። ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ጎንበስ ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ቂም አልነበረም፤ ቂም ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

«ጥሩዬ፣ መጥተሻል። ስለ ፋጡማ ብዬ አመሰግንሻለሁ» አለኝ። «ሁለተኛ ግን አትምጪ።»

«እሺ» አልኩት።